ስለ ቅርበት የሚነገሩ የእንግሊዝኛ ቃላት

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተነበበ ንግግር)



በዚህ ምሽት የመናገር ተራ የእኛ መሆኑ በተነገረን ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብነው ስለ መዝገበ ቃላት አዘገጃጀት በጠቅላላው ለመናገር ነበር። አሳባችንን ያስለወጠን አንድ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን የጻፈችው ከመካከላችን አንዷ ስትሆን በዚህ ጉባኤ ፊት እንድንናገረው ፈቅዳልናለች፤ እንዲያውም «በእኔ የደረሰው በሌላ እንዳይደርስ ንገሩልኝ» ያለችን እርሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህች እኅታችን ወደ ውጭ አገር ሄዳ ትምህርቷን ለመቀጠል ማመልከቻ ጻፈች። ማመልከቻው ሥራዋን በቅርብ የሚያውቅ አንድ መምህር እንድትጠቅስ የሚጠይቅ ስለ ሆነ፥ ሁለት ዓመት ሙሉ የጥናት ጽሑፏን የመሩላትን መምህር ስም አስገባች። ከዚያም «ከእኒህ መምህር ጋር ሁለት ዓመት ያህል ተቀራርበን ሠርተናል» ለማለት ፈልጋ መዝገበ ቃላት ገለጠች። «ቅርብ፥ የልብ፥ ምሥጢረኛ» የሚል ፍች የተሰጠው አንድ ያማረ ቃል አገኘች፤ ቃሉም «ኢንቲሚት» የሚለው ነው። «ክሎስ» የሚለውን ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምናውቀው ተራ ቃል መሰላት፤ ይህኛው ግን የተማረ ሰው ቃል ሆኖ ታያት። ስለዚህ «እኔና መምህሬ ለሁለት ዓመት ኢንቲሚት ነበርን» ብላ ጽፋ ላከች።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማመልከቻው ከተላከበት ቦታ ለመምህሩ ትሕትና የተሞላበት አንድ ደብዳቤ ደረሳቸው። አመልካቿ ራሷ ከገለጸችው ግንኙነት አንጻር የእርስዎ ምስክርነት ከአድልዎ ነጻ ሊሆን ይችላልን? ብሎ ብቻ ይጠይቃል። መምህሩ ባለ ትዳርና የተከበሩ ሰው ናቸው። እኅታችንን አስጠርተው ደብዳቤውን ያለ አንዳች ቃል ሰጧት። መጀመሪያ ስታነበው አልገባትም፤ በገባት ጊዜ ግን ከቢሮው እንዴት እንደ ወጣች እስከ ዛሬ ትዝ አይላትም።

እንግዲህ በዛሬው እንግሊዝኛ ሁለት ሰዎች «ኢንቲሚት ነበሩ» ከተባለ፥ ሌላ ማብራሪያ ካልተጨመረበት በስተቀር፥ አድማጩ የሚረዳው የመኝታን ነገር ነው። አስቸጋሪው ነገር ቃሉ በሌላ ቦታ ፈጽሞ ንጹሕ መሆኑ ነው። «ኢንቲሚት ፍሬንድ» ቢባል ጥቂት የቈየ አነጋገር ይመስላል እንጂ የልብ ወዳጅ ማለት ነው። አንድ ሊቅ ስለ ዓባይ ሸለቆ «ኢንቲሚት» ዕውቀት አለው ቢባል ጠጠሩንና ሸንተረሩን ሳይቀር ያውቀዋል ማለት ነው፤ ማንም አያፍርበትም። የሚያሳፍረው ቃሉ ሁለት ሰዎችን ብቻቸውን አቁሞ በ«ነበሩ» ሲያያይዛቸው ነው።

የቃሉ ሥር ላቲን ነው። «ኢንቲሙስ» ማለት ከሁሉ ይልቅ የውስጥ፥ የውስጥ ውስጥ ማለት ነው። ከዚሁ ሥር የወጣ ግሥም አለ፤ አጻጻፉ ከቅጽሉ ጋር አንድ ሲሆን አነባበቡ ግን «ኢንቲሜይት» ነው፤ ትርጓሜውም አንድን ነገር በግልጽ ሳይናገሩ በዘወርዋራ ማስታወቅ ነው። አንድ ሹም ሥራውን ሊለቅ ማሰቡን «ኢንቲሜይት አደረገ» ቢባል ከማንም ጋር አልተቀራረበም፤ ጠቈም አደረገ ማለት ብቻ ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል ይህንን ልዩነት ይሸፍነዋል፤ የእኛ ፊደል ግን እንደምታዩት ያወጣዋል። በዚህ ረገድ ፊደላችን የሚያኰራ ነው።

ደግሞ በእንግሊዞች ለመፍረድ አንቸኩል። ሊጠሩት የሚያፍሩትን ነገር በጨዋ ቃል መሸፈን የሕዝብ ሁሉ ልማድ ነው። አንድ እንግዳ አማርኛን ከመጽሐፍ ተምሮ «ከቤቱ እመቤት ጋር ግንኙነት አለኝ» ቢለን እንስቃለን። «ወዳጅ» የሚለውስ? «የአገር ወዳጅ» ሲባል ክብር ነው፤ «ወዳጅ አላት» ሲባል ግን ሽማግሌ ይሰበሰብበታል። መጽሐፍ ቅዱስም ስለ አዳምና ስለ ሔዋን ሲናገር «አወቀ» በሚለው ቃል ይጠቀማል። ነገር ግን በገዛ ቋንቋችን ወጥመዱ የት የት እንደ ተጠመደ ከእናታችን ጕያ ጀምረን ስለምናውቅ ዘለል እያልን እናልፈዋለን።

አሁን ወደ «ፋሚሊየር» እንለፍ። በዚህኛው የተያዘው ከመካከላችን ሌላው ነው፤ እርሱም እንድንናገር ፈቅዷል፥ ምንም እንኳ እየሣቀ ባይሆንም። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለ ከባሕር ማዶ የመጡ አንድ መምህር በጣም ይወድ ነበር። ወደ ቢሮአቸው ሲሄድ በሩን ሳያንኳኳ ይገባል፤ ከጠረጴዛቸው ጫፍ ይቀመጣል፤ እንደ አገራችን ደንብም «ባለቤትዎ ደኅና ናቸው? ልጆቹስ? እንቅልፍስ ይወስድዎታል?» እያለ በየቀኑ ይጠይቃል። አንድ ቀን መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው «አሁንስ ትንሽ ፋሚሊየር እየሆንህ ነው» አሉት። እርሱም ከመቀመጫው ተነሥቶ እጅ ነሥቶ በእንግሊዝኛ አመሰገናቸው። ማታውኑ በመኝታ ቤት «ቤተ ሰብ አደረጉኝ» እያለ ለሁላችንም አበሠረን። ሌላው ሰው እስኪያስረዳው ድረስ ደስታው አንድ ሳምንት ቈየ።

ስሕተቱ ግን ያለ ምክንያት አልነበረም። «ፋሚሊየር» ከላቲኑ «ፋሚሊያሪስ» የመጣ ሲሆን እርሱም ከ«ፋሚሊያ» የወጣ ነው፤ ዛሬ ቤተ ሰብ የምንለው «ፋሚሊ» ከዚያው ነው። እንግዲህ ወንድማችን ሥሩን በሚገባ ደርሶበታል። ይሁን እንጂ በጥንት ሮማውያን ዘንድ «ፋሚሊያ» አባት፥ እናትና ልጆች ብቻ አልነበረም። በአንድ ጌታ ሥር ያለውን ቤት ሁሉ፥ በተለይም ባሮቹን ያጠቃልል ነበር፤ ቃሉ ራሱ «ፋሙሉስ» ከሚለው የወጣ ሲሆን ትርጓሜውም አገልጋይ ወይም ባሪያ ማለት ነውና። ከዚህም የተነሣ በእንግሊዝኛ «ፋሚሊየር» ስም ሆኖ ሲነገር ጠንቋይ የሚያዝዘውን፥ በድመት ወይም በጕርጥ አምሳል ይመጣል የሚባለውን አገልጋይ መንፈስ ያመለክት ነበር። በ16ኛውና በ17ኛው ምእት ዓመት በእንግሊዝ አገር በጥንቈላ ለተከሰሱ ድኻ አሮጊቶች፥ በቤት ያሳደጓት ድመት ማስረጃ ሆና ትቀርብባቸው ነበር።

ለ«ፋሚሊየር» በአማርኛ ከሁሉ የሚቀርበው ቃል «ቤተኛ» ይመስለናል። ሁለቱም ከቤት የወጡ ናቸው። ታዲያ «ቤተኛ» ሲባል ክብር ሆኖ «ፋሚሊየር ሆንህ» ሲባል ተግሣጽ የሚሆነው ስለ ምንድር ነው? ብዙ ከተከራከርን በኋላ የደረስንበት ይህ ነው። ሰውን ቤተኛ የሚያደርገው ባለቤቱ ነው። «እርሱ እኮ ቤተኛ ነው፥ ይግባ» ብሎ የሚናገረው የቤቱ ጌታ እንጂ የመጣው ሰው አይደለም። እንግሊዝኛው ግን ሰጪውንና ወሳጁን አይለይም፤ ስለ ነገር ሲነገር የለመድኩት ማለት ነው፤ ስለ ሰው ጠባይ ሲነገር ደግሞ ያልተሰጠውን ቅርበት ራሱ ወስዷል ማለት ይሆናል። እኛም ብንሆን ያልተጠራ ሰው ገብቶ ከመሶቡ አጠገብ ቢቀመጥ «ቤተኛ» አንለውም፤ «ደፋር» እንለዋለን። የወንድማችንን ነገር የሚያከብደው በአገራችን ደንብ ደፋር የሚባለው የመምህሩን ባለቤትና ልጆች ደኅንነት ሳይጠይቅ የሚያልፈው መሆኑ ነው። መምህሩም አልተሳሳቱም፥ እርሱም አልተሳሳተም፤ የእንግሊዝኛው ቃል ግን የመምህሩን ደንብ ይዞ ተናገረ።

«ፋሚሊየሪቲ ንቀትን ይወልዳል» የሚለውን የእንግሊዞች ምሳሌ ሁላችንም በትምህርት ቤት ሸምድደነዋል። ጄፍሪ ቾሰር በ14ኛው ምእት ዓመት ይህንኑ አሳብ ሲጽፍ የተጠቀመው በ«ፋሚሊየሪቲ» ሳይሆን «ሆም» ከሚለው፥ ማለት ከቤት ከወጣ ቃል ነበር፤ ቃል በቃል «ቤተኛነት» ብንለው አንሳሳትም። ዛሬ የዚያ ቃል ዘር የሆነውን «ሆምሊ» በእንግሊዝ አገር ስለ አንዲት ወይዘሮ ብትናገሩ ቤተኛና ትሑት ማለት ነው፤ በአሜሪካ ብትናገሩት መልከ ጥፉ ማለታችሁ ነው። ይህን በተለይ ወደዚያ ለምትሄዱ እንነግራችኋለን። የእኛ አባቶች ደግሞ «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይላሉ። አሳቡ ተመሳሳይ ነው፤ ነገር ግን የእኛው የሚወቅሰው ጠበሉን ሳይሆን ልጥ ነካሪውን ነው፤ ጠበሉ ጠበልነቱ አልቀረም። የእኛው ይሻላል ብንል የዘር አድልዎ አይሁንብን።

ስለ «ክሎስ» የምንናገረው አጭር ነው። ቅርብ ማለት ሲሆን «ክሎስ»፥ መዝጋት ማለት ሲሆን «ክሎዝ» ተብሎ ይነበባል፤ በጽሕፈት ግን አንድ ነው፥ በሥርም አንድ ነው። ላቲኑ «ክላውሱስ» የተዘጋ ማለት ነው። የተዘጋ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ከሌላው ጋር ይጠጋጋል፤ ከዚያ ቅርብ ሆነ። ስለዚህም ዛሬ «ክሎስ» ሰው ቅርብ ሰው ብቻ ሳይሆን ምሥጢሩን የማያወጣ፥ አንዳንድ ጊዜም እጁ የማይፈታ ቈንቋና ሰው ሊሆን ይችላል፤ አየሩ «ክሎስ» ነው ከተባለም የታፈነ ነው ማለት ነው። የእኛ «ቅርብ» ከቀረበ የወጣ ሲሆን በግእዝ «ቍርባን» የሚለውም ከዚሁ ሥር ነው። አንዱ ቋንቋ ከተዘጋ በር፥ ሌላው ከመምጣትና ከማቅረብ ተነሥቷል። ከዚህ ተነሥቶ «እንግሊዞች ዝጎች ናቸው፥ እኛ ግን ቀራቢዎች ነን» የሚል ቢኖር አንቀበለውም፤ የቃል ሥር የሕዝብ ጠባይ አይደለምና። እንዲያውም «ኔይበር» የሚለው የእነርሱ ጥንታዊ ቃል በቅርብ የሚኖር ማለት ነው፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጐረቤት ይሻላል የሚሉት አያቶቻችን ብቻ አይደሉም።

እጅግ ያስደነቀን ግን «ፍሬንድ» ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ይህ ቃል መውደድ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን ቃል በቃል «የሚወድድ» ማለት ነበር። ይኸውም የእኛ «ወዳጅ» ነው፤ «ወዳጅ» ከወደደ እንደ ወጣ ማለት ነው። ተቃራኒውስ? ዛሬ ጋኔን ወይም ክፉ ሰው ማለት የሆነው «ፊንድ» ጥላቻን ከሚናገር ግሥ የወጣ ሆኖ በጥንት ጊዜ ጠላት ማለት ነበር። የእኛም «ጠላት» ከጠላ ወጥቷል። ባሕርና በረሃ የለያቸው፥ በዘርም የማይገናኙ ሁለት ቋንቋዎች ወዳጅንና ጠላትን በአንድ ዓይነት ጥበብ ፈጥረዋቸዋል። እንደ ሊቃውንት አስተያየት ደግሞ «ፍሬንድ» ነጻ ማለት ከሆነው «ፍሪ» ጋር ዘመድ ነው፤ በአንድ ቤት ውስጥ የተወደዱት የሥጋ ዘመዶች ነጻዎቹ ነበሩና። እንግዲህ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ «ፋሚሊየር» ከባሪያው ወገን፥ «ፍሬንድ» ከነጻው ወገን ነው። የዛሬ እንግሊዛዊ ይህን አያስበውም፤ እኛም አስቦ ይናገራል አንልም። ነገር ግን የመጀመሪያው ቃል ዛሬም ዝቅ ብሎ፥ ሁለተኛው ከፍ ብሎ መኖሩን ስናይ ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም።

ተማሪዎች ስለ ሆንን ከተማሪ ቤት የወጡትን ቃላት ሳናነሣ ብንቀር ያስወቅሰናል። «ቻም» የሚለው በ17ኛው ምእት ዓመት የኦክስፎርድ ተማሪዎች የፈጠሩት ሲሆን በአንድ ክፍል አብሮ የሚያድር ማለት ከሆነው ሐረግ ተቈርጦ የቀረ ሳይሆን አይቀርም። በዚያው ዘመን የኬምብሪጆቹ ደግሞ ግሪክ ማወቃቸውን ለማሳየት ይመስላል፥ ለረጅም ጊዜ የቈየ ማለት ከሆነው የግሪክ ቃል «ክሮኒ» የሚለውን አወጡ። «ቻም» በንጽሕና አረጀ፤ «ክሮኒ» ግን አድጎ ሹመት አገኘና ዛሬ ባለሥልጣን በአገር ገንዘብ የሚጠቅመው የጥቅም ወዳጅ ሆኗል። «ፌሎው» የሚለውን በየስብሰባችን የምንጠራው፥ ከስካንዲኔቪያ ሰዎች የተወሰደ ሆኖ ገንዘቡን ከሌላው ገንዘብ ጋር አንድ ላይ የሚያኖር ሸሪክ ማለት ነበር፤ የማኅበራችን ገንዘብ ያዥ ወርኀዊ መዋጮ ላልከፈሉት ይህን እንዲያስታውስልን እንለምነዋለን። «ኮምሬድ» ደግሞ ክፍል ከሚለው የላቲን ቃል በእስፓንያ በኩል የመጣ ስለ ሆነ እርሱም በመጀመሪያው የመኝታ ክፍል ጓደኛ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በደርግ ዘመን በ«ጓድ» ተተርጕሞ የሹመት መጠሪያ ሆነና፥ «ጓድ» የሚለው የጥንት መልካም ቃላችን ዛሬም ድረስ ከዚያ ጥላ በሚገባ አልወጣም።

ከእነዚህ ሁሉ ለልባችን የቀረበው «ኮምፓኒየን» ነው። በላቲን አብሮ ማለትና እንጀራ ማለት ተጋጥመው የተሠራ ነው፤ እንጀራ ስንል የእነርሱን ዳቦ ማለታችን ነው። በአንድ ማዕድ የሚበላ ማለት ነው። የእኛ «ባልንጀራ»ም በተለምዶ እንደሚተነተነው «ባለ እንጀራ» ነው። በክፍል ውስጥ «ኮምፓኒየን»ን «ጓደኛ» ብለን ስንተረጕም ኖረናል፤ ሥር ለሥር የሚገጥመው ባልንጀራ መሆኑን ማንም አልነገረንም።

ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው ስለ «ጎሲፕ» ነው፤ ዛሬ ሐሜት ማለት መሆኑን ሁላችሁ ታውቃላችሁ። ይህ ቃል በጥንት ጊዜ የተቀደሰ ቃል ነበር። በእግዚአብሔር ስም የተዛመደ፥ ማለት በክርስትና ምክንያት ዘመድ የሆነ ሰው ማለት ነው። በአማርኛ ቃል መፈለግ አያሻም፤ «አበልጅ» ነው። ሁለት ሰዎች የሥጋ ዝምድና ሳይኖራቸው በአንድ ሕፃን ጥምቀት ምክንያት ይዛመዳሉ። ከዚያ ቃሉ ወደ ማንኛውም የቅርብ ወዳጅ ሰፋ፤ በተለይም ሴት ስትወልድ ከአጠገቧ ለሚሰበሰቡት ሴቶች መጠሪያ ሆነ፤ ቀጥሎም ወሬ ለሚያበዛ ሰው ተሰጠ፤ በ19ኛው ምእት ዓመት ወሬው ራሱ «ጎሲፕ» ተባለ። ሴቶች ተሰብስበው የሚነጋገሩት ሁሉ ሐሜት መስሎ የታያቸው ወንዶች ቃሉን ወደዚያ ሳይገፉት አልቀሩም ብለን እናስባለን። አበልጅነት እንደዚህ እንዳይወርድ እንጸልያለን።

ይህን ቃል ያነሣነው ግን ለሥሩ ብቻ አይደለም። የእኅታችን ደብዳቤ ወሬ እርሷ ከመምህሩ ቢሮ ሳትወጣ መኝታ ቤት ደርሶ ነበር። እንዴት እንደ ደረሰ አናውቅም። «ኢንቲሚት» የሚለው ቃል ለአንድ ወር ያህል በምግብ አዳራሹ ሰልፍ ላይ መቀለጃ ሆነ። አንዳንዶች ቃሉን መሳሳቷን እያወቁ ቀለዱ፤ አንዳንዶች ደግሞ ከናካቴው አልተሳሳተችም አሉ። ስሕተቱ በወንድ ላይ ደርሶ ቢሆን ኖሮ፥ እንደ ፋሚሊየሩ ወንድማችን፥ አንድ ማታ ተሥቆበት ያበቃ ነበር። ይህን ስንናገር ራሳችንን አግልለን አይደለም፤ በመጀመሪያው ቀን ከሣቁት መካከል እኛም ነበርንበት። እርሷ ዛሬ ከእኛ ጋር ይህን ንግግር ለማዘጋጀት መቀመጧ ትዕግሥቷን እንጂ የእኛን ደግነት አያሳይም።

ወደ ቋንቋው እንመለስ፤ ከሁሉ የሚከብደው ነገር ይቀራልና። በአማርኛ ቅርበትና ርቀት የሚነገረው በቅጽል ሳይሆን በግሡ ነው። «መጣህ»፥ «መጣሽ»፥ «መጡ» ስንል ከማን ጋር እንደ ምንነጋገርና ምን ያህል እንደ ቀረብነው ተናግረን ጨርሰናል። እንግሊዝኛም እንዲህ ያለ ነገር ነበረው። «ዛው» አንተ፥ አንቺ ማለት ሲሆን፥ «ዩ» በመጀመሪያ እናንተ ማለት ነበር፤ እኛ አንዱን ሰው «መጡ» እንደምንለው እነርሱም አንዱን ሰው በብዙ ቍጥር «ዩ» እያሉ ያከብሩ ጀመር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1603 ዓ.ም. ሰር ዎልተር ራሊ በአገር ክሕደት ተከስሶ በቀረበ ጊዜ ዐቃቤ ሕጉ ኤድዋርድ ኮክ ሆን ብሎ «ዛው» እያለ እንዳዋረደው ተመዝግቧል። ይህን ለማስተዋል እኛ ከዛሬዎቹ እንግሊዞች እንቀድማለን፤ አንድ የማናውቀው ሰው በመንገድ ላይ «አንተ!» ሲለን የሚሰማን እርሱው ነው። ጥቂት ቈይቶ ጆርጅ ፎክስና ተከታዮቹ ኩዌከሮች ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት አንድ ነው ብለው ለዳኛውም ለመኰንኑም «ዛው» ማለት ቢጀምሩ ስለዚህ ነገር ተሰደቡ፥ ተደበደቡ።

በኋላ ግን «ዩ» ሁሉንም ዋጠው። ዛሬ ንጉሡም ውሻውም «ዩ» ነው። «ዛው» በአንዳንድ የሰሜን እንግሊዝ ገጠር ንግግርና በጸሎት ብቻ ቀረ። ብዙ እንግሊዞች ቃሉን በጸሎት ብቻ ስለሚሰሙት የታላቅ አክብሮት ቃል ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው፤ እኛም በጸሎት ጊዜ እግዚአብሔርን «አንተ» እንለዋለን እንጂ «እርስዎ» አንለውም። ለአያታችን ያላልነውን ለፈጣሪ የምንለው ከመናቅ አይደለም።

እንግሊዝኛ ይህን መለኪያ ከጣለ በኋላ ቅርበቱን በሌላ መንገድ መለካት ግድ ሆነበት፤ ስለዚህ እነዚያ ቅጽሎች ሁሉ ከአቅማቸው በላይ ይሸከማሉ ብለን እናምናለን። እኛ ደግሞ ቅርበቱን በግሥ መናገር ስለ ለመድን ቅጽሎቹን እንደ ቀላል ነገር እንለዋውጣቸዋለን። ስምም እንዲሁ ያሳስተናል። አንድ አሜሪካዊ መምህር በመጀመሪያ ስሜ ጥሩኝ ሲል ቅርበት ሰጠን ብለን እናስባለን። እርሱ ግን ለሁሉም የሚለው ነው። በእኛ ዘንድ ሰው በገዛ ስሙ መጠራቱ ምንም ቅርበት የለውም፤ የአባት ስም የአባት ነውና፤ ቅርበት የሚጀምረው «አቶ» ወይም «ዶክተር» ሲወድቅና ግሡ ወደ «አንተ» ሲዞር ነው። በደብዳቤ መጀመሪያ ላይ የሚጻፈው «ዲር ሰር» የሚለውም «ውድ ጌታዬ» ሲባል የሚሰማንን ያህል ውድነት የለውም፤ የፖስታ ቴምብር ያህል ነው፥ ሳይለጠፍ አይሄድም እንጂ ማንም አያነበውም።

ታዲያ እኅታችን ምን ብትጽፍ ኖሮ ይሻል ነበር? ይህን መምህሩ ራሳቸው አስረድተውናል። ቍጣቸው ከበረደ በኋላ ሁላችንንም አስጠርተው በሰሌዳ ላይ ሁለት ዐረፍተ ነገር ጻፉ። አንደኛው «ክሎስ ነበርን» የሚል፥ ሁለተኛው «ክሎስሊ ሠራን» የሚል ነው። በአንደኛው ቅርቦቹ ሰዎቹ ናቸው፤ ስለዚህ በይፋ ደብዳቤ ውስጥ አንባቢ ቅንድቡን ያነሣል፤ ምንም እንኳ እንደ «ኢንቲሚት» ባይከፋ። በሁለተኛው ቅርቡ ሥራው ነው፤ ቃሉ በግሡ ላይ ተንጠልጥሏልና ሰዎቹ ክብራቸውን ይዘው ይቀራሉ። የሚደንቀው ነገር፥ እኅታችን በልቧ ያሰበችው አማርኛ ከመጀመሪያውም ትክክል ነበር። «ተቀራርበን ሠራን» ነው ያለችው፤ «ሠራን» የሚለውን ግሥ ይዛ ብትሻገር ኖሮ ምንም ባልደረሰባት። እርሷ ግን ግሡን ከወንዙ ማዶ ትታ ቅጽሉን ብቻ ይዛ ተሻገረች።

መምህሩ ለጥያቄው መልስ ጽፈዋል። ስሕተቱ የቃል እንጂ የምግባር አለመሆኑን በሦስት መስመር ካስረዱ በኋላ ስለ ሥራዋ አንድ ገጽ ሙሉ መስክረዋል፤ ግልባጩን አሳይተውናል። እርሷም ማመልከቻዋን አርማ በድጋሚ ልካለች። ይህ ከሆነ ዛሬ ስድስተኛ ሳምንቱ ነው። መልስ አልመጣም።

ክቡር ሊቀ መንበር፥ የተሰጠን ጊዜ ስላለቀ እዚህ ላይ እናቁም። «ቤተኛ» ለሚለው ቃል ነቀፋ የሌለበት አንድ የእንግሊዝኛ ቃል የሚያውቅ ሰው ካለ በጥያቄው ሰዓት እንዲነግረን እንለምናለን፤ እኛ ሦስት ማታ ፈልገን አላገኘንም።